ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት ዲፈረንሻሉ ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ባለው መንገድ ማርሹን በራሱ የሚቀይር ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው አሮጌ መኪኖች ዛሬም ይሠራሉ፤ በተለይ 123 የምንለው መርሰዲስ። እነዚህን መኪኖች እስከ ዛሬ ያቆዩልን የእኛው መካኒኮች ስለሆኑ ይህን የምጽፈው እነሱን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን አንድ ስህተት ተደጋገመ፤ ጤነኛ ካምቢዮ በዲፈረንሻል (በኋላ ጎማዎች መካከል ሆኖ የካምቢዮውን ዙር ወደ ጎማ በሚያስተላልፈው የጥርስ ክፍል) ጥፋት እየተፈታ ነው። ካምቢዮ ማስፈታት ደግሞ ለባለንብረቱ ቀላል ወጪ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ዲፈረንሻሉ መጮህ ሲጀምር ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ሌላ ተገዝቶ ይገጠማል። ቡሎኑ ልክ ስለገባና ጩኸቱ ስለጠፋ ሥራው አለቀ ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቱ ይመለሳል። አንዱ «ካምቢዮው ይመታል፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል» ይላል፤ ሌላው «አልቀይር እያለ ይጎትታል፣ ዳገት ላይ ግራ ይጋባል» ይላል። ከዚያ ካምቢዮው ይወርዳል። ሲከፈት ማርሹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች አልተቃጠሉም፣ ዘይቱም ቀይ ነው። አንዴ ተከፍቷልና ጓርኒሲዮኑ (የዘይት ማሸጊያው) ሁሉ ተለውጦ ይዘጋል። መኪናው ወጥቶ ሲሞከር ያው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ካምቢዮው በምን እንደሚመራ ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ኮምፒውተር የለውም፤ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ የሚወስኑት ሁለት የዘይት ግፊቶች ናቸው። አንዱ ከገቨርነሩ ይመጣል። ገቨርነሩ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጋር ስለሚዞር፣ ዘንጉ በፈጠነ መጠን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ግፊቱም ይጨምራል። ሁለተኛው ከሞዱሌተሩ (የሞተሩን ጭነት በአየር ስበቱ፣ ማለትም በቫኪዩም፣ ከሚያውቀው ክፍል) ወይም ከነዳጅ መስጫው ኬብል ይመጣል፤ እሱም ሞተሩ በተጫነ መጠን ይጨምራል። የገቨርነሩ ግፊት የሁለተኛውን ግፊትና የስፕሪንጉን ጉልበት ሲያሸንፍ ቫልቩ ይገፋል፣ ማርሹም ይወጣል።

እንግዲህ ገቨርነሩ ጎማውን አያየውም፤ የሚያውቀው ዘንጉ ስንት እንደሚዞር ብቻ ነው። በዘንጉና በጎማው መካከል ያለው ሒሳብ የዲፈረንሻሉ ነው። 48 ጥርስ ያለው ኮሮና (ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ) 13 ጥርስ ካለው ፒኞን (ከትንሹ) ጋር ሲገጥም 3.69 ይሆናል፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ 3.69 ጊዜ ይዞራል። 46 ለ15 ከሆነ 3.07 ነው። የመጀመሪያውን የጉልበት፣ ሁለተኛውን የሩጫ ዲፈረንሻል እንበለው። በ123 ላይ በአብዛኛው 240 ናፍጣ 3.69፣ ቱርቦ የሌለው 300 ናፍጣ 3.46፣ ባለ ቱርቦው 3.07 ይዘው ነው የወጡት። በመጨረሻው ዘመን 2.88 የገባባቸውም አሉ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ስህተቱም የሚገባው በዚህ በር ነው።

የ3.07 መኪና ላይ 3.69 ተገጠመ እንበል። ልዩነቱ 20 በመቶ ነው። ቀድሞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከሁለት ወደ ሦስት ይቀይር የነበረ ካምቢዮ አሁን 33 ላይ ይቀይራል፤ ዘንጉ የሚፈለገውን ዙር የሚያገኘው ቀድሞ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ መኪናው ቀላል ስለሚሆን ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ቀድሞ ከሚረግጠው ያነሰ ይረግጣል። ሞዱሌተሩ ይህን ሲያይ ማርሹን ይበልጥ ያስቀድማል። በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ውስጥ በባጃጅ መካከል ሲነዳ መኪናው አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት እያለ ማረፊያ የሚያጣው ለዚህ ነው።

መምታቱስ? ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ሞተሩ ዙሩን መጣል አለበት። በኋለኞቹ የ123 መኪኖች ላይ የገባው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሬሾው (መውጫ ዘንጉ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ የሚዞረው) 3.68፣ 2.41፣ 1.44 እና 1.00 ነው። በደቂቃ በ4000 ዙር ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ሞተሩ ወደ 2390 አካባቢ ይወርዳል፤ ከማርሾቹ ሁሉ ትልቁ ዝላይ ይኸኛው ስለሆነ በጤናም ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው እሱ ነው። ዲፈረንሻል ቢቀየር ይህ አወራረድ አይለወጥም። የሚለወጠው፣ ሞተሩ ዙሩን ሲጥል የሚለቀው ጉልበት ጎማው ጋ ሲደርስ በስንት ተባዝቶ እንደሚደርስ ነው። በ3.07 ፈንታ በ3.69 ሲባዛ ያው የማርሽ ለውጥ ወንበር ላይ በ20 በመቶ ጠንክሮ ይሰማል። ካምቢዮው ውስጥ የተበላሸ ነገር የለም። ሊቆም ሲል ወደ ታች የሚወርደው ማርሽም እንዲሁ በግልጽ «ዷ» ይላል።

የተገላቢጦሹ፣ ማለትም በ3.69 ፈንታ 3.07 ሲገባ፣ የባሰ ነው። ማርሹ ለስላሳ ስለሚሆን በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ይደሰታል። 40 ላይ ይለወጥ የነበረው ማርሽ ግን ወደ 48 ይሸሻል። መኪናው ስለሚከብድ ሹፌሩ ጠልቆ ይረግጣል፣ ሞዱሌተሩም ማርሹን ይበልጥ ያዘገያል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ችግሩ ራቁቱን ይወጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ በአጭር ርቀት ወደ 2000 ሜትር አካባቢ ይወጣል። አራተኛ ማርሽ አቅም ያጣል፣ ወደ ሦስት ይወርዳል፣ ትንሽ ፍጥነት ሲያገኝ ተመልሶ አራት ይገባል፣ እንደገና ይወርዳል። በእያንዳንዱ ለውጥ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተርም በጭነት ይሞቃል። የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው፤ 120 ካለፈ በፍጥነት ይበላሻል። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተ ሙቀቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ዳገቱን ሲጀምር ማርሹን 3 ላይ ወይም S ላይ አድርጎ መውጣት ነው፤ D ላይ ተትቶ እንዲወዛወዝ መተው ካምቢዮን መግደል ነው።

ቁልቁለቱም ሒሳብ አለው። የጎማው ዙሪያ 1.95 ሜትር ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ ሲወረድ፣ ባለ 3.69 መኪና ሞተር 2270 አካባቢ ይዞራል፣ ባለ 3.07ቱ 1890 ብቻ። ሞተሩ በዘገየ መጠን መያዙ ይቀንሳል፣ ሸክሙ ወደ ፍሬን ይዞራል። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ባለ ሩጫ ዲፈረንሻል ፍሬኑ ከመሽተቱ በፊት አንድ ማርሽ ወደ ታች መያዝ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ካምቢዮ ሳይፈታ እንዴት ይለያል? ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጥነት ጠቋሚም እንደ ገቨርነሩ የሚነዳው ከካምቢዮው መውጫ ነው። ስለዚህ ዲፈረንሻሉ ሲቀየር ሁለቱ በአንድነት ይሳሳታሉ። ማርሹ በእውነት 33 ላይ ቢቀየርም ጠቋሚው ያኔም 40 ይላል። ባለቤቱ «በዚያው ቁጥር ነው የሚቀይረው፣ ግን አንድ ነገር ሆኗል» የሚለው ለዚህ ነው፤ የሚናገረው እውነቱን ነው።

መፍትሔው የስልክ ጂፒኤስ ነው። ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ እየነዳ አንዱ እያየ፣ ጠቋሚው 60 ላይ ሲሆን ጂፒኤሱ ስንት እንደሚል ይጻፍ። 50 ካለ፣ ለ3.07 የተሠራ መኪና ላይ 3.69 ተቀምጧል ማለት ነው። ወደ 72 ካለ ነገሩ ተገልብጧል፤ ይኸኛው አደገኛ ነው፣ ጠቋሚው 80 ሲል መኪናው 96 ላይ ይበራል። ቀጥሎ በእኩል አረጋገጥ ማርሾቹ የሚቀየሩበት ፍጥነት በሁለቱም ይመዝገብ። ጠቋሚው ላይ ቁጥሩ እንደ ድሮው ሆኖ በጂፒኤስ ከተለወጠ ጥፋቱ ከዲፈረንሻል ወይም ከጎማ ነው። ጠቋሚውና ጂፒኤሱ እየተስማሙ ማርሹ የሚቀየርበት ቁጥር ከተለወጠ ግን ዲፈረንሻሉን ተዉት፤ ወደ ሞዱሌተር፣ ኬብልና ገቨርነር ይኬድ። ጎማንም አትርሱ፤ ዙሪያው በ5 በመቶ የጨመረ ጎማ 3.69ን ወደ 3.51 ያወርደዋል።

መቁጠሩ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፣ የኋላው በክሪክ ይነሳና በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ ማርሹ N ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ። ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ በሚያገናኘው ረጅም ዘንግና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። አንዱ ጎማ እንዳይዞር ተይዞ ሌላው 20 ዙር ይዙር። አንድ ጎማ ብቻውን ሁለቴ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው አንዴ ስለሆነ፣ 20 ዙር ማለት የኮሮና 10 ዙር ነው። ዘንጉ 37 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ 3.69፣ 34 ዙር ተኩል አካባቢ ከሆነ 3.46፣ ከ31 ትንሽ ካነሰ 3.07 ነው። አንድ ዙር ብቻ ቆጥሮ በግምት «ሦስት ተኩል ነው» ማለት 3.46ን ከ3.69 አይለይም፤ 20ው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከመግዛት በፊት ከሆነ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ጠረጴዛ ላይ እያለ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሱን መቁጠር ይቻላል።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ካምቢዮው ከመታስ? ያኔም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የካምቢዮ ዘይት በሙቀቱ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ይለካ፤ በመርሰዲሱ መለኪያ ላይ ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት 0.3 ሊትር ብቻ ስለሆነ በጆግ የሚሞላ ያበላሸዋል። በዝቶ አረፋ የያዘ ዘይት ከጎደለው አይሻልም። ቀጥሎ የሞዱሌተሩ የቫኪዩም ቱቦ ይነቀል። ቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ካለ የሞዱሌተሩ ስስ ሽፋን (ዲያፍራሙ) ተቀዷል፤ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ማርሹም በኃይል ይመታል። ደረቅ ከሆነ በእጅ ፓምፕ 15 ኢንች ሜርኩሪ ስቦ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ መርፌው ከወረደ ያፈሳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ቫኪዩሙ የሚመጣው ከራሱ ፓምፕ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀች አንዲት የጎማ መገጣጠሚያ የበር መቆለፊያውንም ካምቢዮውንም አንድ ላይ ልታበላሽ ትችላለች።

የሐረር ባለመኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ከባሕር ወለል በ300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የቤንዚን ሞተር ቫኪዩም በአንድ ኢንች ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 18 የሚስብ ሞተር ድሬዳዋ 14፣ ሐረር 12 አካባቢ ይስባል። ሞዱሌተሩ ዝቅተኛ ቫኪዩምን የሚተረጉመው «ሹፌሩ ረግጧል» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ማርሹን ያዘገያል፣ ያጠነክራልም። ድሬዳዋ ተስተካክሎ ለስላሳ የነበረ መኪና ሐረር ሲደርስ ትንሽ ቢመታ ጉድለት አይደለም፣ ከፍታው ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ከተማ ላይ ማስተካከል ነው የሚሻለው። የሚስተካከል ሞዱሌተር ከሆነ የነበረበት ቦታ ምልክት ተደርጎ ግማሽ ዙር ብቻ ይዙር፣ ከዚያ ተነድቶ ይታይ። ከልክ በላይ እንዳይለሰልስ፤ ማርሹ ሲቀየር የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ዘሎ ከተመለሰ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ትንሽ የሚመታ ካምቢዮ ዓመታት ይኖራል፣ የሚንሸራተተው ግን ወራት።

ገቨርነሩን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ። 3.69 ከተገጠመ በኋላ «ማርሹ በድሮው ፍጥነት ይቀየር» ተብሎ የገቨርነር ክብደት በመፍጫ ማሽን (በሞላ) ተፍቆ ሲቀነስ ይታያል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። እስከ ጥግ ሲረገጥ ካምቢዮው የሚቀይረው ሞተሩ በሚችለው ዙር ልክ ነው፤ ያ ዙር በዲፈረንሻል አይለወጥም። ክብደቱ ተቀንሶ ማርሹ በ20 በመቶ ከዘገየ፣ 4500 ላይ ይቀየር የነበረው 5400 ይፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ከልኩ ያልፋል። ናፍጣው ደግሞ ፖምፓው ከተወሰነ ዙር በላይ ስለማይሰጥ እዚያው ይጮሃል እንጂ ማርሹ ጭራሽ አይወጣም። ከዚያ «ካምቢዮው ሞተ» ይባላል። ገቨርነሩን አትንኩት፣ ትክክለኛውን ዲፈረንሻል ፈልጉ። ካልተገኘ ከፋብሪካው ቁጥር ከ7 ወይም ከ8 በመቶ የማይርቅ ይግባ፤ በ3.69 ፈንታ 3.46 ይታገሣሉ፣ 3.07 ግን አይሆንም።

የገጠማው ጥራትም በካምቢዮ ይሳበባል። የፒኞን ዘይት መያዣ ሲቀየር ዳዶው ያለ ምልክት ተፈትቶ በጉልበት ከታሰረ፣ ውስጥ ያለው ተጨማዳጅ ቡሽ ከልክ በላይ ይጫናል፣ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ይጮሃል። ከመፈታቱ በፊት ዳዶውና ፒኞኑ ላይ የነጥብ ምልክት ይደረግ፤ ሲታሰር እዚያው ነጥብ ላይ ደርሶ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ማለፍ ነው። ረጅሙ ዘንግ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ክሮቼራዎቹ (የዘንጉ መተጣጠፊያ መስቀሎች) የተያያዙባቸው ሹካዎች በአንድ መስመር ካልተገጠሙ፣ ሲነሳ የሚሰማው መንቀጥቀጥ የካምቢዮ ይመስላል። የኮሮናና የፒኞን ክፍተት የሰፋበት ዲፈረንሻልም ከN ወደ D ሲገባ ብረት ያንኳኳል፤ ከሥር ገብቶ ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይገልጠዋል።

የሐረር ፔጆ 404ዎች በአብዛኛው በእጅ ማርሽ ስለሆኑ የካምቢዮው ነገር አይመለከታቸውም፤ ግን ዲፈረንሻላቸው እንደ ሌላው ኮሮናና ፒኞን ሳይሆን የቡሎን ጥርስ የመሰለ ጠመዝማዛ ያለው ዘንግ የነሐስ ጥርስን የሚያዞርበት ነው። ሰልፈር የበዛበትን ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ነሐሱ አይወደውም። ለዘይቱ እባካችሁ ተጠንቀቁለት።

ያገለገለ ዕቃ ለሚሸጡልን ወንድሞች አንድ ልመና አለኝ። ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንጂ የዲፈረንሻል ሬሾ አይጻፍም፤ ስለዚህ ከመኪናው ሲፈታ ካልተጻፈ ማንም አያውቀውም። ዲፈረንሻሉ ሲወርድ ጥርሱ ተቆጥሮ በነጭ የዘይት ቀለም ክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ «48/13» ብቻ ይበቃል። ጋራዦችም ያንኑ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፉት፣ ባለቤቱም ደረሰኙን ከሊብሬው ጋር ያስቀምጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ መኪና ካምቢዮ ባለሙያ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ